መርፌውን የያዘች እጅ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2024 በእንግሊዝ አገር የሆነውም ይኸው ነው። በቀድሞው ዳኛ በሰር ብራያን ላንግስታፍ የተመራው አጣሪ ጉባኤ ከ30,000 በላይ ሰዎች በተበከለ ደምና ከደም በተሠራ መድኃኒት ሳቢያ በኤች አይ ቪና በሄፓታይተስ መያዛቸውን፣ ወደ 3,000 የሚጠጉትም መሞታቸውን ገለጠ። አብዛኛውን ጥፋት ማስቀረት ይቻል እንደነበርም አስታወቀ። በማግስቱ አይደለም፣ በዕለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ። እሰየው! ግን ስንቱ ልጅ ከተቀበረ ከስንት ዓመት በኋላ?

እኔ የምሟገተው ስለ እናቶቹ ነው። ሄሞፊሊያ የሚባለው ደም ያለመርጋት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚወረስ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ገና ከጅምሩ «ከእኔ ነው የመጣበት» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። በ1970ዎቹ ፋክተር 8 የሚባል መድኃኒት ሲመጣ ግን ተስፋ አገኘች። እቤት የሚሰጥ ስለነበር ብዙ እናቶች አወጋጉን ተማሩ። የልጇ ጉልበት ባበጠ ቁጥር እናት ዱቄቱን በጥብጣ በገዛ እጇ ደም ሥሩን ትወጋው ጀመር።

ያ መድኃኒት የሺህዎች ሰዎች ደም አንድ ላይ ተቀላቅሎ የተሠራ ነበር። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ከፊሉ ደማቸውን ለገንዘብ ከሸጡ ሰዎችና ከእስረኞች የተሰበሰበ ነው። የአንዱ ሰው በሽታ ሁሉንም ይበክላል። ወደ 380 የሚሆኑ ልጆች በኤች አይ ቪ ተያዙ።

«በጊዜው ማን ያውቅ ነበር?» የሚሉ አሉ። እናቲቱ አላወቀችም፤ እውነት ነው። በሜይ 1983 ግን ዶክተር ስፔንስ ጋልብሬዝ የተባሉ የተላላፊ በሽታዎች ክትትል ኃላፊ የአሜሪካው መድኃኒት አደጋው እስኪጣራ ድረስ ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ለጤና ሚኒስቴር ጽፈው ነበር። የሰማቸው የለም። ባለሥልጣናቱ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አልተገኘም እያሉ ቀጠሉ። ለመሆኑ ጥርጣሬ ሲኖር የሚዳነው መድኃኒቱ ነው ወይስ ሕፃኑ? ያላወቀ ሰውስ ኋላ ሰነድ ለምን ያጠፋል? ሆን ተብሎ የወደመ ሰነድ መኖሩን ጉባኤው አረጋግጧል።

እኛ ዘንድ ሐዘን የጎረቤትም ነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። እነዚያ እናቶች ግን ኤድስ የሚለውን ስም ፈርተው ልጆቻቸው የሞቱበትን ምክንያት እንኳ ደብቀው ለብቻቸው ያለቀሱ ብዙ ናቸው።

ይህም አልበቃ አለ። በ2022 ለጊዜው ተብሎ 100,000 ፓውንድ ካሣ ሲከፈል ደራሹ በሕይወት ላሉት ሕሙማንና ለሟች የትዳር ጓደኞች ብቻ ሆነ። ባሥር ዓመቱ የሞተ ልጅ ሚስት ከየት ያምጣ? እናቱ ባዶ እጇን ቀረች። ዳኛው በኤፕሪል 2023 ወላጆችም እንዲታሰቡ አሳሰቡ፤ በሟች ልጅ ውርስ ስም የማመልከቻው በር የተከፈተው ግን በኦክቶበር 2024 ነው። በዚህ መካከል ስንቷ እናት ሳታይ አልፋ ይሆን?

ገንዘብ ልጅ አይመልስም፤ እናቶቹም ይህን አላጡትም። የሚገባቸው ሌላ ነው፤ ጥፋቱ ከእነርሱ ላይ ወርዶ ደብዳቤ አንብበው ዝም ካሉት፣ መድኃኒቱ ይቀጥል ብለው ከፈረሙት ትከሻ ላይ በስም እንዲጫን ነው። መርፌውን የያዘችው እጅ ንጹሕ ናት። እድፉ ያለው ብዕሩን በያዘው እጅ ላይ ነው።