«ከአንደኛ ትራምፔት ወደ ሶስተኛ አወረዱኝ… ባንዱን ልተወው?»

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፡- እኔ እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

ዕድሜዬ 24 ነው። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ጠዋት ግን በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት እነፋለሁ። ክፍያ የለውም፤ እንዲያውም የታክሲ ከኪሴ ነው። እናቴ «ሴት ልጅ ጡሩምባ ትነፋለች እንዴ? ጎረቤት ምን ይላል!» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ብትጨቀጭቀኝም አሻፈረኝ ብያለሁ።

የባንዱ መሪ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ኖታ ማንበብ ከዜሮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ለአድዋ በዓል ስንዘጋጅ የሥራ ፈረቃዬ ተቀየረና ሶስት ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ በእኔ ወንበር ላይ የ17 ዓመት ልጅ ተቀምጧል! ከፍ ያለውን ኖታ ልነፋ ስሞክር ድምፄ ተሰነጠቀ። ጋሼ ሁሉንም አስቁመው «አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ሶስተኛ ነሽ! ይሄ ባንድ ነው እንጂ የሚኒባስ ክላክስ አይደለም!» አሉኝ። 30 ሰው ሳቀብኝ። እንባዬን ውጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በቁጭት ሌሊት ሌሊት ትራምፔቱ ውስጥ ፎጣ ጠቅጥቄ ከንፈሬ እስኪያብጥ እነፋለሁ። እናቴ ደግሞ «ብዬሽ ነበር» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ት. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህታችን ት.፡- ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ቋጠሮ ታስሯል። አንዱ ወንበሩ ነው፤ ሌላው ስድቡ። ለየብቻ እንፍታቸው።

ስለ ወንበሩ እውነቱን እንነጋገር። ትራምፔት የሚነፋው በትንፋሽ ብቻ ሳይሆን በከንፈርና በአፍ ዙሪያ ባለው ጡንቻም ጭምር ነው። ሶስት ሳምንት ያልነፋ ከንፈር ቶሎ የሚያጣው ከፍ ያለውን ኖታና ጽናቱን ነው። አንደኛ ትራምፔት ደግሞ ዜማውን በከፍታ ይዞ የሚዘልቅ ነው። በዓል በደረሰበት ሰዓት መሪው ያን ቦታ ሳይቀር ለተለማመደ ልጅ ቢሰጡ፣ ቅር ቢልሽም አድልዎ አይባልም። ልጁንም አትቀየሚው።

ሶስተኛ ትራምፔትስ የቅጣት ወንበር ነው? በፍጹም! ሶስተኛው ከዜማው ሥር ሆኖ ስምምነቱን የሚሞላ ድምፅ ነው። እሱ ሲጠፋ አድማጩ ምን እንደጎደለ ባያውቅም ሙዚቃው ጨው እንዳነሰው ወጥ ይሆንበታል። ዝቅ ያሉት ኖታዎች በብዛት የሚደርሱትም ለሱ ነው። አንደኛውንና ሶስተኛውን ቫልቭ አብረሽ ስትጫኚ ድምፁ ከልኩ ከፍ ይላል፤ ሶስቱንም ስትጫኚ ይብሳል። የሶስተኛውን ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ ገፋ አድርጎ ልኩን ማምጣት ጥሩ ጆሮ ይጠይቃል።

ስድቡ ግን ሌላ ነው። የአገራችን የማርሽ ባንድ ያደገው በቤተ መንግሥትና በጦር ሰፈር ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አግኝተው ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት ባንድ ሆኑ። በኋላም ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ጋሼም የመጡት ከዚያ ነው፤ እዚያ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ወታደሩ ግን ደመወዝና ማዕረግ ነበረው። አንቺን እዚያ የሚያቆይሽ ፍቅር ብቻ ነው። በፈቃዱ የመጣን ሰው መሳቂያ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ይህን ደግሞ ሰው ካልነገራቸው ላያውቁት ይችላሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ሂጂና ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። «ጋሼ፣ መቅረቴ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሶስተኛውን እነፋለሁ። ስሳሳት ግን ሰው ፊት አያስቁብኝ፤ ለብቻዬ ይንገሩኝ። ከአድዋ በኋላ ደግሞ አንዴ ይስሙኝ» በያቸው። ፈረቃሽ ሲቀየርም አስቀድመሽ አሳውቂ።

የሌሊቱን ልምምድ አቁሚ! ያበጠ ከንፈር ዕረፍት እንጂ እልህ አያድነውም። እብጠቱ ሲጠፋ ዝግ ያሉ ረጃጅም ድምፆችን እየነፋሽ ጀምሪ፤ የነፋሽውን ያህል ደቂቃ እረፊ። ፎጣውም ትንፋሹን እየመለሰ የድምፁን ልክ ያበላሻልና ለልምምድ የተሠራ ማፈኛ ፈልጊ።

ተነግሯቸውም ማዋረዱን ካልተዉ፣ ያኔ ብትለቂ ማንም አይፈርድብሽም። ሳትናገሪ ግን አትልቀቂ፤ ኋላ የሚቆጭሽ እሱ ነው።

እናትሽንም ለአድዋ በዓል ጋብዣቸው። ሰልፉ ሲያልፍ እሳቸው የሚፈልጉት አንደኛዋን ወይም ሶስተኛዋን ሳይሆን ልጃቸውን ነው። ውጤቱን ጻፊልን።