የኤልሳቤጥ ቤት

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ኤልሳቤጥ ፀንሳ አምስት ወር ራሷን ሰወረች። በስድስተኛው ወር ማርያም መጣች፤ ሦስት ወር ያህልም አብራት ተቀመጠች። ስለ ሰላምታቸው ብዙ ሰብከናል፤ ስለ ሦስቱ ወራት ግን ዝም እንላለን። ሁለት እርጉዞች በአንድ ጣሪያ ሥር ከርመው ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ቃር አላወሩም ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

እኛ ዘንድ እርጉዝ እህት ሕመሟን ስትናገር ቶሎ «እመኚ ብቻ!» እንላታለን። ይህ ማበረታታት አይደለም፤ አፍ መዝጋት ነው። ከእኩዮቿ ጋር ብታወራ ሌሊት ባቷ የሚሸማቀቀው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ስለ አጥሚት እህል፣ ስለ ሕፃን ልብስ፣ ምጥ በእኩለ ሌሊት ቢመጣ መኪና ስለሚያመጣው ሰው ትመካከራለች። ከሁሉ በላይ ችላ የማይባለውን ትለያለች፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት። እነዚህ እስከ እሑድ የሚቆዩ የጸሎት ርዕሶች አይደሉም፤ እየጸለይን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የምንሮጥባቸው ናቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ነፍሰ ጡሮችን ሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ ያወያያሉ። የእህቶች ኅብረት መሪዎች፣ እናንተም ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ አንድ ክፍል ክፈቱላቸው። እኛ ወንድ አገልጋዮች ወንበሩን ደርድረን እንወጣለን።