ስለ ነቀርሳ በሽታና በሰው አገር ስለሚታመሙ ወገኖች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን የሚደብቅ ሰው ሁሉ ሞኝ ወይም ቸልተኛ እንዳልሆነ፥ አንዳንዱም ተገዶ እንደሚደብቅ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናመለክት እንወዳለን።

የሳምባ ነቀርሳ ከታማሚው ሳል ጋራ በአየር የሚተላለፍ ደዌ ነው። ምክንያቱ የሆነውን ረቂቅ ተሐዋሲ ሮበርት ኮኽ የተባለው የጀርመን ሐኪም በ1874 ዓ.ም. ገልጦ አስታወቀ። ዛሬ መድኃኒቱ የታወቀ ስለ ሆነ የተለመደው ነቀርሳ በ6 ወር ሕክምና ይድናል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፥ በቀሩት 4 ወራት 2 ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ታማሚው ሳይፈጽም ካቋረጠ ግን ተሐዋሲው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል።

እንግዲህ ይህ 6 ወር ለስደተኛ ምን ያህል ረዥም እንደ ሆነ እንመልከት። ከአገራችን ብዙ ልጃገረዶች ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። በባሕረ ሰላጤው መንግሥታት ደንብ ለሥራ የሚሄድ ሰው ከአገሩ ሳይነሣ ደረቱ በራጅ ይመረመራል፤ ነቀርሳ የተገኘበትም ፈቃድ አያገኝም። ከገባ በኋላ ቢገኝበት በአንዳንዶቹ አገሮች ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ያች ልጅ ሳል ሲጸናባት፥ ወደ ሐኪም ቤት ብትሄድ እንጀራዋ የሚቋረጥ፥ ቤተ ሰቧ ለመንገዷ የተበደረው ገንዘብም ሳይከፈል የሚቀር ይመስላታል። ከዚህም ሌላ ቋንቋው አይገባትም፤ ብዙ ጊዜም ያለ እመቤቷ ፈቃድ ከቤት መውጣት አይሆንላትም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ያለ ወረቀት የገባውማ ስሙን ለሐኪም መናገር እንኳ ያስፈራዋል።

መመለስም የራሱ ችግር አለው። ከኅዳር እስከ መጋቢት 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። እንዲህ በድንገት ከሚነሣው ሕዝብ መካከል መድኃኒት የጀመረ ሰው ቢኖር፥ የትኛውን መድኃኒት ስንት ወር እንደ ወሰደ የሚገልጽ ወረቀት ካልያዘ የአገሩ ሐኪም ከየት ይቀጥልለት?

ለዚህም መላ አይታጣም። በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ የሚሠሩ የሌሶቶና የሞዛምቢክ ሰዎች በዚሁ ደዌ እጅግ ስለ ተጎዱ፥ የደቡባዊ አፍሪካ መንግሥታት በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ማፑቶ ላይ ተሰብስበው በማዕድን ሥራ ስላለው ነቀርሳ የጋራ ቃል ፈርመዋል። በእኛም በኩል በሥራ ላይ ያሉ ሹማምንት ከዓረብ አገሮች ጋራ ስለ ሠራተኛ ውል በሚነጋገሩበት ጊዜ፥ የታመመ ሰው ሕክምናውን ሳይፈጽም እንዳይባረር፥ ቢመለስም የሕክምናው ወረቀት አብሮት እንዲመጣ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ልጁን ወደ ሰው አገር የላከ ቤተ ሰብም «ገንዘቡ ደረሰን» ከማለቱ አስቀድሞ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሳል 2 ሳምንት ካለፈው፥ የሌሊት ላብና ክሳትም ከታከለበት ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ታማ የተመለሰችውን ልጅ «ባዶ እጅዋን መጣች» ብሎ ማሳፈር አይገባም፤ በአገራችን የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የነቀርሳ መድኃኒት ያለ ዋጋ ይሰጣልና ወደዚያ ይዟት ይሂድ። በሰው አገር በፍርሃት የደበቀችውን በገዛ ቤቷ በኀፍረት እንድትደብቀው አናድርጋት።