አንድ ጐራሽ ሽጉጥና አንዲት ጥይት

አሜሪካን አገር ከሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ባለፈው ሰሞን መልእክት ደርሶን ነበር። አደን መውደዱን እናውቃለን፤ በሽጉጥ ማደኑን ግን የሰማነው ገና አሁን ነው። በ170 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ አጋዘን ተኩሶ እንዳቆሰለ፣ ደሙን ተከትሎ እስኪመሽ ድረስ ሲፈልግ ውሎ እንዳጣው፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ ባይኑ እንዳልዞረ ከነገረን በኋላ «ከዚህ የበለጠ ኃይል ያለው አፈሙዝ ልግዛ ወይስ መነጽሩን ልለውጥ?» ሲል ይጠይቀናል።

እኛ የጦር መሣሪያ ሊቃውንት አይደለንም። ጥያቄውን ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን ብናቀርበው ግን ሁሉም ባንድ አፍ «ትልቁን ይግዛ» ስላሉና እኛ ስላልተስማማን፣ ጠይቀንና አንብበን የደረስንበትን እዚህ ለመጻፍ ወደድን።

አንድ ጐራሽ ምን እንደሆነ ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም። አባቶቻችን ውጅግራ ይሉት የነበረው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ አንዲት ጥይት ተኩሶ፣ ቀለሁን ተፍቶ፣ ሌላ እስኪጐርስ ድረስ ባለቤቱ በእግዜር እጅ ነበር። ወዳጃችን የያዘው ኮንቴንደር የሚባለው ሽጉጥም ባሕርዩ ይኸው ነው። ዋረን ሴንተር የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ነድፎት በ1967 ዓ.ም. ቶምሰን ሴንተር በሚል ስም ለገበያ ወጣ፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን። ሽጉጡ እንደ ወፍ ማደኛ ጠመንጃ ከወገቡ ይታጠፋል፤ አንዲት ጥይት በእጅ ይጐርሳል፤ ይዘጋል። ልዩ የሚያደርገው አንድ ዘንግ ብቻ ነቅሎ አፈሙዙን በሌላ አፈሙዝ መለወጥ መቻሉ ነው። ጧት በትንሿ ባለ 22 ጥይት ጥንቸል የታደነበት እጀታ ከሰዓት በኋላ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1873 የተቀበለውን ወፍራሙን 45-70 ሊያጐርስ ይችላል።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ምርጫ ሲበዛ ጐልማሳ ሁሉ ከትልቁ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ካሊበሩን፣ ቀጥሎ አፈሙዙን፣ በመጨረሻም መነጽሩን ይመርጣል። ስንት ሜትር ላይ መምታት እንደሚችል የሚጠይቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ነገሩ ከጭራው ወደ ራሱ ይሂድ እንላለን።

እነርሱ ነጭ ጅራት የሚሉት አጋዘን (የእኛ አጋዘን ሌላ ነው፤ ስሙን ግን እንዋሰው) ልቡና ሳንባው ያለበት ሥፍራ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከምሳ ሳህን አይበልጥም። እንግዲህ ወዳጃችን የዚህን ልክ የወረቀት ሳህን ከአፈር ጉብታ ፊት ያቁም። ጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ ሳይሆን ጫካ ውስጥ እንደሚያደርገው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን በጉልበቱ ላይ ደግፎ አምስት ጥይት ይተኩስ። አምስቱም ሳህኑን የሚመቱበት የመጨረሻው ርቀት፣ ያ የእርሱ ርቀት ነው። 80 ሜትር ከሆነ 80 ነው። ሰደፍ የሌለው መሣሪያ በትከሻ ስለማይደገፍ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ መቆራረጥና የልብ ምት ሁሉ ወደ አፈሙዙ ይሄዳል፤ ይህን ደግሞ ማንኛውም ባሩድ አያስተካክለውም።

ርቀቱ ከታወቀ መነጽሩን መምረጥ ቀላል ነው። የጠመንጃ መነጽር ከዓይን 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ሽጉጥ ግን ክንድ ተዘርግቶ ስለሚያዝ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚያሳይ፣ ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ መነጽር ይፈልጋል። የጠመንጃውን አምጥቶ የጫነበት ሰው ክንዱን ሲዘረጋ የሚያየው ጥቁር ክብ ነው፤ ለማየት ፊቱን ካስጠጋ ደግሞ ሽጉጡ ሲራገጥ ቅንድቡን ይፈነክተዋል። ሁለት ወይም አራት እጥፍ የሚያጐላ ለ100 ሜትር ይበቃል። ከዚያ ያለፈው አጋዘኑን ብቻ ሳይሆን የእጅን መንቀጥቀጥም ያጐላል፤ መስኩን ያጠባል፤ ዓይን ጥቂት ዘወር ካለም ሥዕሉ ይጠፋል። በርትቶ በሚራገጥ ሽጉጥ ላይ መነጽሩን በሁለት ቀለበት ፈንታ በሦስት ማሰር ይበጃል።

ስለ አፈሙዙ ርዝመት ብዙ ክርክር የለም። 10 ኢንች ወይም 25 ሳንቲ ሜትር የሆነው ለመታጠቅ ይመቻል፤ ለጠመንጃ የተሠራ ጥይት ግን ባሩዱ እዚያ ውስጥ ነዶ ስለማያልቅ ብልጭታና ጩኸት ይሆናል። በ1895 የወጣው 30-30 ከረጅም ጠመንጃ ሲተኮስ በሰኮንድ ከ700 ሜትር በላይ ሲበር፣ ከ14 ኢንቹ ሽጉጥ 600 ገደማ ይሄዳል።

እግረ መንገዳችንን ለሕግ ተማሪዎች አንድ ነገር እናንሣ። በ1934 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የአሜሪካ ሕግ፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ባለ ሰደፍ ጠመንጃ በልዩ ምዝገባ እንዲያዝ ያዛል። ኩባንያው ሽጉጡን ከሰደፍና ከ21 ኢንች አፈሙዝ ጋር አንድ ላይ ቢያቀርብ፣ መንግሥት «ሰደፉ ከአጭሩ አፈሙዝ ጋርም ይገጥማልና አጭር ጠመንጃ ሠርታችኋል» አለ። ኩባንያው 200 ዶላር ግብር ከፍሎ ይመለስልኝ ሲል ከሰሰ፤ በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ስለ 200 ዶላር እዚያ ድረስ መሄድ የአገራችንን የድንበር ሙግት ያስታውሳል። ቢሆንም ወዳጃችን ሰደፍ መግጠም ቢያምረው አስቀድሞ ሕጉን ያንብብ።

ካሊበሩን በመጨረሻ አመጣነው። 223 ለአጋዘን ቀላል ነው፤ በአንዳንድ ስቴቶችም ክልክል ነው። በ1955 የወጣው 44 ማግነም ለቅርብ ርቀት ደህና ነው። 45-70 ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን መራገጡን የፈራ ሰው ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛ የምናደላው ወደ 30-30፣ ወይም የእርሱን ቀለህ አንገት አጥብበው በ1984 ወደ አወጡት ወደ 7-30 ዋተርስ ነው። በዊንቸስተር ጠመንጃ ቱቦ ውስጥ ጥይቶች ተከታትለው ስለሚሰለፉ የኋለኛው ሹል ከሆነ የፊተኛውን ቂጥ ወግቶ እንዳያፈነዳ ያሠጋል፤ ስለዚህ ጫፋቸው ደልዳላ ይሆናል። አንድ ጐራሹ ግን ሰልፍ ስለሌለበት ነፋስ የሚሰነጥቀውን ሹሉን ያለ ሥጋት ይጐርሳል።

ወዳጃችን ደግሞ ቀድሞውኑ ያለው ይኸው 30-30፣ ባለ 14 ኢንቹ ነው። አጋዘኑ ያመለጠው ኃይል ጐድሎ ሳይሆን 170 ሜትር ስለ ራቀ ነው። «ልቅረብ ብል ይሸሻል» ይለን ይሆናል። ይሽሽ። እኛ ዘንድም ሲፎከር የሚነሣው የወደቀው አውሬ እንጂ ሆዱን ተመትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ሦስት ቀን የሚያጣጥረው አይደለም።

ይህንኑ ጽፈን ላክንለት። ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ሳህኑን አቁሞ ተኩሷል፤ በ70 ሜትር አምስቱም ገብተዋል፤ በ90 ሜትር ሁለቱ ስተዋል። የአዲሱን አፈሙዝ ነገር ግን አላነሣልንም።