ኮራል ሁሉ አንድ አይደለም

ቀይ ባህር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ወደብ ነው። ወደብ፣ መርከብ፣ ኮንቴይነር፣ የዶላር ሂሳብ። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት እኔማ ይብስብኛል። ሰሞኑን ግን ከውሃው ስር ስላለው ነገር ሳነብ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ጉዳይ አገኘሁ። የወደቡን ክርክር ለዛሬ ላቆየውና እሱን ላጫውታችሁ።

ነገሩ ኮራልን ይመለከታል። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ የጀርባ አጥንት የሌለው እንስሳ። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ይቀልቡታል። ውሃው ከለመደው በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል። ሙቀቱ ከቆየ በረሃብ ይሞታል።

ቀይ ባህር 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ደቡቡ፣ ማለትም ወደ ባብ ኤል መንደብ ያለው ክፍል፣ በሞቃቱ ወራት ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሰሜኑ፣ የአቃባ ባህረ ሰላጤ፣ ቀዝቀዝ ይላል። ታዲያ ደቡብና መሃል ላይ ያለው ኮራል ከለመደው አንድ ሁለት ዲግሪ ሲጨመርበት ይነጣል፤ የሰሜኑ ግን አምስት ዲግሪ ገደማ ተጨምሮበትም በሙከራ ሲችል ታይቷል። በዓይን ብታዩዋቸው ያው ናቸው።

ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ይሄ ነው። በበረዶው ዘመን የባህር ከፍታ ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ነበር፤ ቀይ ባህርም ለኮራል የማይመች ጨዋማ ሆነ። በኋላ ውሃው ሲመለስ የኮራል እጮች ከህንድ ውቅያኖስ በደቡቡ በር ገቡ። ሰሜን ለመድረስ በሙቁ ውሃ ማለፍ ግድ ነበር። ያልቻለው መንገድ ላይ ቀረ። ያለፈው ደግሞ የበረሃ ስንቁን እንደያዘ ደጋ እንደገባ መንገደኛ ሆነ።

ሙቀት መቻል ከወላጅ እንደሚወረስ በአውስትራሊያ ኮራሎች ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ ከሞቃቱ አካባቢ የመጣ ወላጅ ያላቸው እጮች ሙቀትን ተቋቁመው የመትረፍ ዕድላቸው እስከ 10 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ነው የተማርኩት ነገር የተነሳብኝ። ክፍል ውስጥ፣ ደረጃው አንድ የሆነ ኩንታል ስንዴ በሌላው ይተካል ብለው አስተምረውናል። የተፈጥሮ ጥበቃ ሂሳብም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፤ ሄክታርና የዝርያ ብዛት ይቆጥራል። "እዚህ ቢጠፋ ያው ዝርያ እዚያ አለ" ይባላል። ሂሳቡ ስህተት ነው ባይ ነኝ። የአቃባ ኮራል ሲሞት አብሮት የሚጠፋው ተፈጥሮ በሺዎች ዓመታት ያጣራችው ውርስ ነው፤ በየትኛውም ገበያ አይሸመትም።

"የሰሜኑን ወስዶ ሌላ ቦታ መትከል ነዋ!" የሚል አይጠፋም። መሞከሩ ክፋት የለውም። ግን አንድ ዓይነቱን ብቻ በየቦታው ብናዳርስ፣ እሱ የማይችለው በሽታ የመጣ ቀን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ደግሞስ መውሰድ የሚቻለው እስካለ ድረስ አይደል?

ያለውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ከየመን ዳርቻ ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ዘይት የያዘች አሮጌ መርከብ ለዓመታት ልትሰበር ነው እየተባለ ቆማ ነበር። ዘይቱ ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ ያለቀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ነው። ያኔ ተረፍን፤ ሁልጊዜ ግን አይተረፍም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ የተስማሙት አገሮች በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውን የዘረመል ልዩነት ጭምር ለመጠበቅ ቃል ገብተዋል። ቃሉ እንዲፈጸም ከተፈለገ የቀይ ባህር አገሮች ሰሜኑንና ደቡቡን እንደ ሁለት የተለያየ ሀብት መመዝገብ አለባቸው። በጀቱም በሄክታር ብቻ አይከፋፈል።

ይሄ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቫይረስ በሽታ የታደገው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ማሳው ላይ ያየ ሰው "ገብስ ነው" ብሎ ከማለፍ ውጪ ምን ይላል? ገበሬው ግን ዘሩን ለይቶ አቆየው። ባህሩም እንዲህ ለይቶ የሚያቆይለት ሰው ይፈልጋል።