ሺህ ጊዜ ድገመው የተባለው ልጅ

ሁሌ በድምፅ መልዕክት ብቻ የሚመልስላችሁ ጓደኛ አለ አይደል? ቴሌግራም ላይ ሁለት መስመር ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ይልካል። ግሩፑ ውስጥ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲለጠፍ «ምንድነው የሚለው? አሳጥሩልኝ» ይላል። አብዛኛው ሰው እንዲህ የሚያደርገው ስለሚቀለው ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ጥቂቶቹ ግን የማይናገሩት ሌላ ምክንያት አላቸው። ማንበብ ያደክማቸዋል። ፊደሉን ያውቁታል፣ ቃሉንም ያውቁታል፤ ግን ሌላው ሰው በአንድ እይታ የሚያልፈውን መስመር እነሱ ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው እየታገሉ ነው የሚያልፉት።

ችግሩ ስም አለው፤ ዲስሌክሲያ ይባላል። እንደ አለካኩ ቢለያይም ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው እንዳለበት ይገመታል። 50 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሦስት ልጅ ማለት ነው። ጎበዝም ሰነፍም ላይ ይገኛል፤ ከማሰብ ችሎታ ጋር አይገናኝም። እኛ ጋ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ስም «አያጠናም» ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ድገመው። አልገባህም? እንደገና ድገመው።

ይቺ «ድገመው» ናት ዛሬ የማወራባት። ምክንያቱም ልክ እዚህ ነጥብ ላይ ዓመታት ያሳለፉ ተመራማሪ አሉ፤ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሳይንስ ተመራማሪዋ ፕሮፌሰር ሜራቭ አሂሳር።

ሴትዮዋ የታወቁት መጀመሪያ በንባብ አልነበረም። ጥናታቸው ዓይንና ጆሮ በልምምድ እንዴት እንደሚሰሉ ነበር። መካኒክ ሞተር ሰምቶ «ካንዴላው ነው» ሲል፣ ቡና ቀማሽ በአንድ ፉት ጥሩውን ከመጥፎው ሲለይ የምናየውን ችሎታ አስቡት። ያ ችሎታ የት ነው የሚቀመጠው? እ.ኤ.አ. በ1991 እዚያው እስራኤል ውስጥ ካርኒና ሳጊ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አሳይተው ነበር። ሰዎች በአንድ ዓይናቸው ብቻ ረቂቅ ምስል መለየት ሲለማመዱ ያ ዓይን ይሰላል፣ ሌላኛው ዓይን ግን ምንም አልተማረም። ልምምድ እንዲህ ጠባብ ሊሆን ይችላል። አሂሳር ከባልደረባቸው ሻውል ሆክስታይን ጋር በ1997 ያወጡት ጥናት ደግሞ ነገሩ በክብደቱ እንደሚወሰን አሳየ። ቀላል በሆነ ነገር የተለማመደ ሰው ትምህርቱን ወደ ሌላም ይዞት ይሄዳል፤ ከመጀመሪያው በጣም በከበደ ነገር የተለማመደ ግን ያገኘው ነገር እዚያው ይቀራል። አንድ ጊዜ በደንብ የታየ ቀላል ምሳሌ ለከባዱ በር ይከፍታል።

ከዚያ ወደ ንባብ መጡ። በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ሲታይ ከንባብ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ሁለት ድምፅ ታሰማለህ፣ «የትኛው ነው ቀጭኑ?» ብለህ ትጠይቃለህ፤ በቃ። አንዱ ዙር ላይ ከሁለቱ ድምፆች አንደኛው ሁሌም ያው ነው፣ አይቀየርም። ሌላው ዙር ላይ ሁለቱም በየጊዜው ይቀያየራሉ። የንባብ ችግር የሌለባቸው ሰዎች አንዱ ድምፅ ሲደጋገም ሳያውቁት ይይዙትና ሥራው በፍጥነት ይቀላቸዋል። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ግን ከድግግሞሹ ያን ያህል አልተጠቀሙም። ሁለቱም ድምፅ በሚቀያየርበት ዙር ላይስ? በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም!

ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጆሯቸው ደህና ነው። የጎደለው መስማት ሳይሆን ከተደጋገመ ነገር መጠቀም ነው።

ተመራማሪዋ ይህን ነገር መልህቅ ብለው ነው የሚጠሩት። እኔ በገበያ ነው የሚገባኝ። መርካቶ ጫማ ልትገዙ ስትሄዱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሱቆች ዋጋ ትሰማላችሁ። አራተኛው ሱቅ ጋ ስትደርሱ ዋጋው እንደተጠራ «ተወደደ» ትላላችሁ፤ ማንም ሒሳብ አይሠራም። ጭንቅላታችሁ ሳያስፈቅዳችሁ መለኪያ ተክሏል። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ሱቅ የመጀመሪያ ሱቅ የሚሆንበትን ሰው አስቡ። ዋጋውን ይሰማል፣ ያወዳድራል፣ ያስባል፤ መግዛቱንም ይገዛል። ግን ከሁላችሁም በኋላ ደክሞት ነው የሚወጣው። ንባብ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ድግግሞሽ ነው፤ ያው ፊደል፣ ያው ቃል፣ ያው የቃል መጨረሻ በየመስመሩ ይመላለሳል። ፈጣን አንባቢ የሚፈጥነው ያየውን እንደ አዲስ ስለማያይ ነው።

ማስረጃው ከአንድ ቤተ ሙከራ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2016 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ የተሠራ ጥናት የአንጎልን ምላሽ ለካ። አንድ ቃል፣ አንድ ድምፅ፣ ወይም አንድ ፊት ሲደጋገም የአብዛኛው ሰው አንጎል «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ምላሹን ይቀንሳል። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች ላይ ቅነሳው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2017 ደግሞ የአሂሳር ቡድን አንድ እርምጃ ሄደ፦ ትውስታው ጨርሶ የሌለ ሳይሆን ቶሎ የሚጠፋ ነው አሉ። የምናወራው ስለ ሰከንዶች ነው። ድግግሞሹ ቶሎ ከመጣ ይጠቅማቸዋል፤ ጥቂት ሰከንድ ካለፈ ግን ያ የቀረው አሻራ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይደበዝዛል።

ሁሉም ተመራማሪ በዚህ አይስማማም። ብዙዎቹ የችግሩ ሥር ቃልን ወደ ድምፆች መሰንጠቅ ላይ ነው ይላሉ። የጣሊያን ልጆችን ያጠኑ ተመራማሪዎችም በ2008 የመልህቁ ሐሳብ ሁሉንም ነገር እንደማያስረዳ ጽፈዋል። ክርክሩ ይቀጥል። እኔን የሚያሳስበኝ ክርክሩ አይደለም፤ እኛ ፊደል የምናስቆጥርበት መንገድ ነው።

አንድ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። 4ኛ ክፍል እያለ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወጣዋል፣ አንድ አይስትም። ወረቀት ሸፍኜ «ቄ»ን ብቻ ሳሳየው ግን ጣቱን አውጥቶ «ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ…» እያለ ከመጀመሪያው ይቆጥራል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም ነበር። አስተማሪው የሰጠው ቅጣት ያንኑ ገጽ 20 ጊዜ መገልበጥ ነበር። ገለበጠው፤ ጽሑፉ የሚያምር ነበር። በማግስቱ ያንኑ ገጽ አንብብ ሲባል ክፍሉ ሳቀ። 8ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወው። ዛሬ ጨርቅ ይነግዳል፤ በሒሳብ የሚያታልለው ሰው አልተወለደም፤ ውል ሲፈርም ግን ሚስቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ምን እንደነበረበት በባለሙያ ስላልታየ ዲስሌክሲያ ነው ልል አልችልም። ማንም አለማየቱ ነው የሚያንገበግበኝ።

የሚገርመው የድሮዎቹ የኔታዎች ይህን ወጥመድ ያውቁት የነበረ መሆኑ ነው። ሀ ሁ ያለቀለት ልጅ ቀጥሎ አቡጊዳ ይሰጠዋል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ቅደም ተከተሉን ይበትንበታል። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ይያዛል። እኛ የድሮውን ትምህርት ስንወቅስ ጮክ ብሎ መድገሙን አስቀርተን አቡጊዳውን ጣልነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ እንዲያውም ጩኸቱም አልቀረም።

ፊደላችን ራሱ ቀላል ሸክም አይደለም። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። በዚያ ላይ መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ «ዋና» መዋኘት ይሁን ዋነኛ የሚነግራችሁ ዓረፍተ ነገሩ እንጂ ፊደሉ አይደለም። ድግግሞሽ እንደ ልብ የማያገለግለው ልጅ እዚህ ላይ ይበልጥ ይለፋል ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴን ግን በአማርኛ አንባቢዎች ላይ የሚሠራ ጥናት ነው ማጽናት ወይም መጣል ያለበት።

በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ሁሉ ዲስሌክሲያ ነው ማለት አይደለም፤ መጽሐፍ የሌለው፣ የታጨቀ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ምን ያንብብ? ግን ችግሩ ይህን ያህል ሲሰፋ እነዚያ ሁለት ሦስት ልጆች በሕዝቡ መሐል ይጠፋሉ። ሁሉም በማያነብበት ክፍል ውስጥ ለየት ያለ እርዳታ የሚፈልገውን ልጅ ማን ይለየዋል?

ስልካችሁ ላይ መፍትሔ የምትፈልጉ ደግሞ ተጠንቀቁ። «አንጎልህን አሠልጥን» የሚሉ አፕሊኬሽኖች ብዙ ናቸው። ከታዋቂዎቹ አንዱ የሆነው ሉሞሲቲ በ2016 በማስታወቂያው ሕዝብ አታሏል ተብሎ ለአሜሪካ መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ለንባብ ችግር ይበጃል ተብሎ በሰፊው የተሸጠው ፋስት ፎርዋርድም በ2011 የተጠናቀሩ ጥናቶች ሲታዩ ንባብን እንደሚያሻሽል ማስረጃ አልተገኘለትም። የካርኒና የሳጊን አንድ ዓይን አስታውሱ፤ ጨዋታ ላይ የተሳለ ችሎታ ጨዋታው ላይ ሊቀር ይችላል። ንባብ የሚሻሻለው በንባብ ነው፤ ድምፅና ፊደልን በግልጽ እያገናኙ፣ ከቀላሉ ጀምረው፣ በትንሽ በትንሹ። አንድ ነፃ የሆነ ነገር ግን አለ። በ2012 የወጣ ጥናት በፊደላት መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ሲል ዲስሌክሲያ ያለባቸው የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆች ያለምንም ሥልጠና በተሻለ ፍጥነትና በትንሽ ስህተት እንዳነበቡ አሳይቷል። የተጨናነቀ ጽሑፍ የምትለጥፉ ሁሉ ልብ በሉ፤ አንቀጽ መክፈል ገንዘብ አያስወጣም።

ከትምህርት ቢሮዎች የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያ ክፍል አስተማሪ ሲሠለጥን ይህን ችግር መለየት ይማር። ፈተና ላይ ደግሞ በባለሙያ የተረጋገጠ ችግር ላለበት ተማሪ ጊዜ ይጨመርለት። እንግሊዝ አገር እንዲህ ላለ ተፈታኝ እስከ 25 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣሉ። «ለሌላው ግፍ አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። የጂኦግራፊ ፈተና ጂኦግራፊ ይለካ፤ የማንበብ ፍጥነት መለካት ከፈለግን ለብቻው እንለካው።

እናንተ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ዛሬ ማታ ማድረግ የምትችሉት አለ። የፊደል ገበታውን በወረቀት ሸፍናችሁ አንድ ፊደል ብቻ ከመሐል አሳዩ፣ ቀጥሎ ሌላ ከሌላ ቦታ። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ዓይንና ጆሮም መታየት አለባቸው። ልጁ ከረድፉ መጀመሪያ እየቆጠረ የሚመጣ ከሆነ ግን አትቆጡት፣ ገልብጥም አትበሉት። ነገ ጠዋት አስተማሪውን ሄዳችሁ አነጋግሩ።