ዓድዋ ላይ ማን አሸነፈ? ፈረሰኛው ወይስ ጠመንጃው?

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ድሉ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ታቦቱ ባይዘምት ኖሮ አለቀልን ነበር» ይላል። ሌላው «መቶ ሺህ ሰው የተዋጋበትን ድል ለአንድ ፈረሰኛ መስጠት የአባቶችን ደም ማራከስ ነው» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ የሻይ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በበዓሉ ዕለት ምኒልክ አደባባይና ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሷል። በ2016 ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ፒያሳ ተከፍቷል። ዓድዋ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ያላበቃ ስለሆነ ተአምሩም በስሜት ሳይሆን በሚዛን መታየት አለበት።

የማያከራክረው ይቅደም። የጊዮርጊስ ታቦት ከአጼ ምኒልክ ጋር ዘምቷል። አቡነ ማቴዎስም አብረው ነበሩ። ውጊያው የተደረገው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ 23 በየወሩ የጊዮርጊስ ቀን ነው። በዚህ ላይ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትረካ አለ፤ የተማረኩ ጣሊያኖች «ያ በነጭ ፈረስ የመጣው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ ይባላል። በዓድዋ ሥዕሎችም ጊዮርጊስ ከሰማይ ሆኖ ከሠራዊቱ ጋር ሲዋጋ ይታያል።

ከቀኑ እንነሣ ቢባል፣ ቀኑን የመረጠው ጄኔራል ባራቲየሪ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም በቴሌግራም ወጥሮ ይዞታል፣ ስንቁም እያለቀ ነበር። የካቲት 22 ሌሊት ወደ 17 ሺህ የሚሆን ጦር አንቀሳቀሰ። የአልበርቶኔ ክፍለ ጦር «ኪዳነ ምሕረት» የሚባለውን ኮረብታ ከሌላ ጋር አምታትቶ ከወገኑ ተነጥሎ ገባ፣ ሲነጋም ተከበበ። አማኙ «ታዲያ ማን አሳሳተው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አይናቅም፤ ግን የተሳሳተ ካርታ መልስ እስከሆነ ድረስ ፈረሰኛ መጥራት ግድ አይሆንም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ማይጨው ነው። ውጊያው የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዋዜማ ነው። ያን ጊዜም ጸሎት ነበር፣ ያን ጊዜም ካህናት ነበሩ፤ ጦሩ ግን ተሸነፈ። በዓመቱ ፋሽስት የአራዳውን ካቴድራል ራሱን አቃጠለው። «የኃጢአታችን ውጤት ነው» የሚለው መልስ ለምእመን ያጽናናል። ሆኖም ሲያሸንፉ ጊዮርጊስ፣ ሲሸነፉ ኃጢአት ከተባለ፣ ምንም ቢፈጠር የማይረታ ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የዓይን ምስክር የሚባለውስ? እ.ኤ.አ. በ1914 እንግሊዞች ሞንስ ላይ ከጀርመን ጋር ከተዋጉ በኋላ፣ አርተር ማከን የሚባል ደራሲ አንዲት አጭር ልብ ወለድ በጋዜጣ አወጣ። በታሪኩ አንድ ወታደር ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲጠራ የጥንት ቀስተኞች መጥተው ይረዱታል። ከወራት በኋላ «እኛም መላእክት አይተናል» የሚል ወሬ አገሩን ሞላው። ማከን «እኔ ፈጥሬው ነው» ቢልም ብዙዎች አላመኑትም! ይህ የዓድዋውን ትረካ ሐሰት አያደርገውም፤ የጦር ሜዳ ምስክርነት እንዴት በፍጥነት እንደሚበቅል ግን ያሳያል።

ሥዕሎቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ የተሣሉት ከድሉ ብዙ ቆይቶ ነው። የአገራችን ሠዓሊ ደግን ሰው በሁለት ዓይን፣ ጠላትን በአንድ ዓይን ይሥላል። ጣሊያን አንድ ዓይና ነበር ብሎ የሚከራከር የለም። ጊዮርጊስን ከላይ ሲያስቀምጥም የሚነግረን የድሉን ትርጉም እንጂ የጦር ሜዳ ዜና አይደለም።

እዚህ ላይ «ይህ ከተነካ ትንሣኤም ይነካል» ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላል። ትንሣኤ የክርስትና መሠረት ነው፤ ጳውሎስ ራሱ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነቱ ከንቱ እንደሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። የጻፈውም ከስቅለቱ ከሃያ ዓመት ብዙም ሳይርቅ፣ ኬፋንና ያዕቆብን በስም ጠርቶ፣ ካዩት ከአምስት መቶ በላይ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት እንዳሉ ጠቅሶ ነው። ሰው ይህን ላይቀበል ይችላል፤ ክርክሩ ግን ስም ካላቸው ምስክሮች ጋር ነው። የነጭ ፈረሱ ትረካ ይህ የለውም። ጸሎተ ሃይማኖትም ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ኦርቶዶክሳዊ ዓድዋ ላይ ፈረሰኛ ታየ የሚለውን ሳይቀበል እሑድ ቢቆርብ ከሃይማኖቱ አልወጣም።

«ቁጥርና ጠመንጃ ብቻ ነው» የሚሉትም ግን በጣም ይቸኩላሉ። ያ ሠራዊት ወራት በእግሩ ተጉዟል፣ ስንቁ ተሟጧል፣ ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነበር። ጣሊያን ጥቂት ቀን ቢታገሥ ረኃብ ይበትነው ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ያን ሁሉ ሰው እስከ 23 ምን አቆመው? ከመልሱ አንዱ ታቦቱ ነው። ሰማይ ቢከፈትም ባይከፈትም፣ «ጊዮርጊስ አብሮኝ አለ» ብሎ የቆመ ሰው የሸሸ ሰው አይደለም። ይህን ከታሪኩ ማውጣት አጉል ዘመናዊነት ነው። ደግሞ እዚያው መስመር ላይ ስለ ጊዮርጊስ ሳያስብ በራሱ ዱዓ የቆመ ሙስሊም ነበር፤ ፈረሰኛውን ብቻ የሚያወራ ትረካ የእሱን ጥይት የት ያደርገዋል?

ሠዓሊዎቹ ይህን ከተከራካሪዎቹ በተሻለ ያወቁት ይመስላል። በዚያው ሸራ ላይ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው ይታያሉ፣ መድፈኛው መድፉን ያነጣጥራል፣ ቀሳውስቱ ጥላ ዘርግተው ቆመዋል። ጊዮርጊስ ከላይ ስለመጣ ተኩሱን ያቆመ ሰው በሥዕሉ ላይ የለም።